ዋልካ ዘመድ አያውቅም

በዳላስና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤት መግዛት ብቻ ሳይሆን የገዛነውን ቤት ማስፋትም ከጀመርን ሰንብተናል። ምክንያቱ አያጠያይቅም። እናት ወይም አባት ከአገር ቤት ይመጡና ደረጃ መውጣት ያቅታቸዋል። ልጆች ያድጉና አንድ ክፍል ለሦስት አይበቃቸውም። አንዷ እህታችን በቤቷ ሕፃናት መጠበቅ ትጀምራለች፤ ሌላው ወንድማችን የሚያከራየው ክፍል ይፈልጋል። አዲስ ሰፊ ቤት እንዳይገዛ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ወደ ጓሮው በኩል አንድ ወይም ሁለት ክፍል ይቀጠላል። ጥሮ ግሮ ባገኘው ገንዘብ ቤቱን የሚያሰፋን ሰው የሚነቅፈው የለም፤ ይህም ጽሑፍ ለዚያ አልተጻፈም።

የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከአሠራራችን ጋር ነው። ክፍል የሚቀጥል ቤተሰብ ስለ ወጥ ቤቱ ግራናይት ቀለም ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ይመክራል። ስለ መታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል። መብራቱ፣ መጋረጃው፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር ተመርጦ ይገዛል። ከዚህ ሁሉ ሥር ስለሚተኛው አፈር ግን አንድም ጥያቄ አይነሳም። ተቋራጩ መጥቶ ጓሮውን በእግሩ መታ መታ ያደርግና «ይሄማ ጠንካራ መሬት ነው» ይላል። በነሐሴ ቃጠሎ የደረቀ ጭቃ ምን ጊዜም ጠንካራ ነው!

ጸሐፊው የሚለው አጭር ነገር ነው። በዚህ አካባቢ አፈር ላይ፣ አፈሩን ሳያስመረምሩ፣ መሐንዲስ ሳይነድፈው፣ ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ሳያወጡና ውል ሳይፈርሙ ክፍል መቀጠል ለልጆች ዕዳ ማውረስ ነው። ይህንንም የምናደርገው ከድህነት ወይም ካለማወቅ ብቻ አይመስለኝም። ይበልጡን የሚያስደርገን ይሉኝታ ነው። የአገራችንን ልጅ «የአፈር ምርመራው የት አለ? ንድፉን ማን ፈረመበት?» ብሎ መጠየቅ እሱን እንደ መጠርጠር ስለሚቆጠር አፋችንን ዘግተን ገንዘቡን እንሰጣለን። እሱ ደግሞ የማያውቀውን «አላውቅም» ማለት ያሳፍረዋል። ሁለቱ ሲተፋፈሩ ሸክላው ከሥር ሥራውን ይሠራል።

አፈሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከቴክሳስ ሰሜን ወሰን አካባቢ ተነስቶ በዳላስ፣ በዋኮና በኦስቲን አድርጎ እስከ ሳን አንቶኒዮ የሚዘልቀውን ምድር የአገሩ ሰዎች ብላክላንድ ፕሬሪ፣ ጥቁሩ ሜዳ እንደ ማለት፣ ይሉታል። ሰፈር ሳይሆን በፊት ሰፊ የጥጥ እርሻ ነበር። የአገር ቤት ሰው ቢያየው ስሙን ለመጥራት አይቸገርም፤ ዋልካ ነው። በቾን፣ አድአን፣ እነዋሪን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ጥቁር አፈር ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን የአፈር ተመራማሪዎች ጽፈዋል። በክረምት ጫማ ከያዘ አይለቅም፤ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የእነዋሪ ገበሬ ሰብሉ ላይ ውሃ እንዳይተኛ አፈሩን በእጁ እየከመረ ሰፋፊ መደብ ይሠራል፤ በመደቦቹ መካከልም ውሃው የሚወርድበትን ቦይ ይተዋል። ገበሬ ዋልካን እንደ ቀይ አፈር አያርሰውም፤ ጠባዩን አውቆ ይይዘዋል። ታዲያ ከዚያ ገበሬ የተወለድን እኛ የዕድሜያችንን ቁጠባ በዋልካ ላይ ስናስቀምጥ ጠባዩን የማናውቅ የምንመስለው ለምንድን ነው?

ጠባዩ እንዲህ ነው። በዚህ ሸክላ ውስጥ ሞንትሞሪሎናይት የሚባል ማዕድን በብዛት አለ። በዓይን የማይታዩ እጅግ ስስ ንጣፎች ተደራርበው የሠሩት ነው። ውሃ በንጣፎቹ መካከል ሲገባ እየገፋ ያራርቃቸዋል፤ ሲደርቅ ተመልሰው ይጠጋጋሉ። ስለዚህ አፈሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲያብጥ የሚገፋበት ኃይል በአንድ ስኩዌር ጫማ ብዙ ሺህ ፓውንድ ሊደርስ ይችላል። ፎቅ የሌለው የእንጨት ቤት ወደ ታች የሚጫነው ክብደት ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ብዙ ሰው መሠረት የሚያስፈልገው ቤቱ እንዳይሰምጥ ብቻ ይመስለዋል። እዚህ ግን አንዱ ትልቁ ችግር ቤቱ ቀላል መሆኑ ነው፤ አፈሩ ያነሳዋል። ደግሞም እኩል አያነሳውም። አሸንዳው ውሃ በሚያፈስበት ጥግ ያነሳል፤ ትልቁ ዛፍ ውሃውን በሚመጥበት ጥግ ያወርዳል። ቤትን የሚሰነጥቀው ይህ አለመስተካከል ነው።

የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት በ1973 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጆንስና ሆልትዝ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች የጻፉትን አውጥቶ ነበር። እንደ እነርሱ ግምት የሚያብጥ አፈር በአሜሪካ በየዓመቱ የሚያደርሰው ጉዳት 2.3 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ ይህም ጎርፍ፣ አውሎ ነፋስና የመሬት መንቀጥቀጥ በአንድ ላይ ሆነው ከሚያደርሱት በእጥፍ የሚበልጥ ነው። ጽሑፉን «ስውሩ አደጋ» ብለው ሰየሙት። ስውር ያሉት ስለማይጮህ ነው። አውሎ ነፋስ በአንድ ሌሊት ጣሪያ ገንጥሎ በቴሌቪዥን ይታያል። ዋልካ ግን እንደ ውሃ ነው፤ እያሳሳቀ ይወስዳል። መጀመሪያ አንድ በር አልዘጋ ይላል፤ ባለቤቱ ጫፉን በመላጊያ ይልገዋል። ቀጥሎ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ሰያፍ ስንጥቅ ይታያል፤ በቀለም ይሸፈናል። ከዚያ ሴራሚኩ ይፈነዳል። ከዚያ ቱቦ ይሰበርና ከወለሉ ሥር ውሃ ማፍሰስ ይጀምራል፤ ያም ውሃ ሸክላውን የበለጠ ያሳብጠዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

እንግዲህ አዲስ ቤት መሥራት በዚህ አፈር ላይ ከባድ ከሆነ፣ ባለ ቤት ላይ ክፍል መቀጠል የባሰ ከባድ መሆኑን ብዙዎቻችን አንገነዘብም። «ትንሽ ክፍል ናት» እንላለን። ነገሩ የሚከብድባቸውን ምክንያቶች ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ሁለቱ አፈሮች አንድ አይደሉም። በአሮጌው ቤት ሥር ያለው ሸክላ ሃያና ሠላሳ ዓመት ከፀሐይና ከዝናብ ተከልሎ ስለኖረ በተለይ መካከሉ ላይ እርጥበቱ ረግቷል። የጓሮው ሸክላ ግን በየበጋው ደርቋል፣ በየዝናቡ ረጥቧል። ዛሬ በኮንክሪት ስትከድኑት ትነቱ ይቆምና እርጥበቱ ቀስ በቀስ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ደርቆ ሳለ የተከደነ ከሆነ በሚቀጥሉት ዓመታት ያብጣል። አዲሱ ክፍል ከአሮጌው ጋር አብሮ አይነሳም፤ ብቻውን ይነሳል። አንድ ቤት፣ ሁለት አካሄድ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ አሮጌው ወለል ውስጥ ያለውን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ አካባቢ ካለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት ወዲህ የተሠሩ ብዙ ቤቶች ወለላቸው ፖስት ቴንሽን ነው፤ ማለትም ኮንክሪቱን የሚያጨብጡ የተወጠሩ የብረት ገመዶች በውስጡ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ገመድ ወደ 30,000 ፓውንድ በሚጠጋ ኃይል የተወጠረ ነው። የገመዶቹ ጫፍ የታሰረው ደግሞ በወለሉ ዳር፣ አዲሱ ክፍል በሚቀጠልበት በዚያው ጎን ነው። ይህን ሳያውቅ ፌሮ ለመትከል ዳሩን በድሪል የሚበሳ ሠራተኛ ወለሉን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱንም አደጋ ላይ ይጥላል፤ የተበጠሰ ገመድ ኮንክሪት ሰብሮ ሊወጣ ይችላልና።

ሦስተኛ፣ መጋጠሚያው ነው። አዲሱን ከአሮጌው ጋር በፌሮ አጥብቀው ቢያስሩት አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላውን ይዞ ይሰነጥቃል። ለያይተው ቢተውት በሁለቱ መካከል ደረጃ ይፈጠራል፤ ከላይ ያለው ጣሪያም ይከፈታል። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻልና በምን ዓይነት ማያያዣ እንደሚሠራ ቤቱንና አፈሩን አይቶ መሐንዲስ የሚወስነው ነው። ግምት አይወስነውም።

አራተኛ፣ የውሃው መንገድ ይለወጣል። ቤቱ ሲሠራ ዝናቡ በጓሮው ዞሮ ወደ መንገድ እንዲወርድ ተዳፋት ተበጅቶለት ነበር። የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንቡ ከመሠረቱ አጠገብ መሬቱ በመጀመሪያዎቹ 10 ጫማ ውስጥ 6 ኢንች እንዲያዘቀዝቅ ያዛል። አዲሱ ክፍል በዚህ ተዳፋት መካከል ይቆምና ውሃውን ይገድባል። ሁለቱ ጣሪያዎች የሚገናኙበት ጎድጓዳም ያን ሁሉ ዝናብ ሰብስቦ በአንድ ጥግ ያፈሳል። የእነዋሪ ገበሬ ይህን ቢያይ ምን ይለን ይሆን?

ይህን ሁሉ ይዘን አሁን ወደ ራሳችን አሠራር እንምጣ። ጋርላንድ ውስጥ ጸሐፊው ያየው አንድ ቤት አለ። ለእናት ተብሎ ባለ መታጠቢያ ቤት ክፍል ተቀጠለ። ሣሩ ተነስቶ፣ አሸዋ ተነጥፎ፣ አራት ኢንች ኮንክሪት ፈሰሰ። ምርመራ የለም፣ ንድፍ የለም፣ ፈቃድ የለም። ዋጋው ከሌላው ተጫራች በ15,000 ዶላር ያነሰ ስለነበር ቤቱ ሁሉ ደስ ብሎት ሠራተኞቹን ዶሮ ወጥ ጋበዘ። በሦስተኛው ዓመት ከአሮጌው ሳሎን ወደ አዲሱ ክፍል ሲታለፍ ወለሉ እግር ይመታ ጀመር። በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ብርሃን ገባ። የመታጠቢያ ቤቱ ፍሳሽ ወደ ኋላ ይመለስ ጀመር፤ ቱቦው ተዳፋቱን አጥቶ ነበርና። ተቋራጩ ስልክ አያነሳም። ቤተሰቡ ደግሞ አይከሰውም፤ ምክንያቱም በአንድ ወገን የተፈረመ ወረቀት የለም፣ በሌላው ወገን የክርስትና ልጅ አለ። እናትየው ለእሳቸው በተሠራ ክፍል ውስጥ እንዳይወድቁ ግድግዳ ይዘው ይሄዳሉ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!

ይህን ስናነሳ ከወገኖቻችን የሚሰጡን መልሶች የታወቁ ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጎረቤቴ እንዲሁ ሠርቶ ምንም አልሆነም» ይባላል። መቼ ሠራ? ስንት በጋ፣ ስንት ዝናብ አየ? ቴክሳስ በ2011 በአንድ ዓመት ከተመዘገቡት ድርቆች ሁሉ የከፋውን አየች። በሜይ 2015 ደግሞ እስከዚያ ድረስ በአንድ ወር ያልታየ ዝናብ ዘነበ። በአራት ዓመት ውስጥ ያው አፈር ጥግ እስኪደርስ ደረቀ፣ ጥግ እስኪደርስ ረጠበ ማለት ነው። መሠረት የሚፈተነው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ሁለት ልከኛ ዓመታትን ያለፈ ወለል ገና ፈተና አልተቀመጠም። ደግሞም በአንድ መንገድ ላይ እንኳ አፈር ከቤት ቤት ይለያያል፤ የጎረቤት ጓሮ የእኛን ጓሮ አይመሰክርም።

«አገር ቤት እኮ ጥቁሩን አፈር ቆፍረን አውጥተን ገረጋንቲ ሞልተን ነው የምንሠራ» የሚሉም አሉ። ይህ መልስ ከልምድ የመጣ ስለሆነ ክብር ይገባዋል፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ቦሌ ባሉ ሰፈሮች በብዙ ቦታ ጥቁሩ አፈር ከጥቂት ሜትር አይበልጥምና ተቆፍሮ ወጥቶ ጠንካራው ላይ መድረስ ይቻላል። እዚህ ግን በብዙ ቦታ ሸክላው እጅግ ጥልቅ ነው፤ እርጥበቱ ከወቅት ወቅት የሚለዋወጥበት ክፍል ብቻ ከ10 ጫማ ሊበልጥ ይችላል። ሁለት ጫማ ቆፍረው አሸዋና ጠጠር ሲሞሉበት የሚሆነውን ልብ በሉ። ዙሪያው ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ፣ መካከሉ ውሃ የሚያሳልፍ ጠጠር፤ ገንዳ ማለት ነው። ዝናቡ ሁሉ ገብቶ ከቤቱ ሥር ይተኛና ከታች ያለውን ሸክላ ያጠጣዋል። ለመፍትሔ የተሞላው ጠጠር ራሱ በሽታ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሙሊት በመሐንዲስ ትእዛዝ፣ በተመረጠ አፈርና በሚገባ ተጠቅጥቆ ሲሠራ ይጠቅማል፤ በዘፈቀደ ሲሠራ ግን ገንዘብ ከፍሎ ጉድጓድ መቆፈር ነው። አባቶቻችን የጭቃ ቤት ሲሠሩም ግድግዳው ከአፈሩ ጋር ቢንቀሳቀስ በየዓመቱ በምርጊት ይጠገን ነበር። ሴራሚክና ግራናይት ግን ምርጊት አያውቁም።

«ፈቃድ ካወጣሁ ግብር ይጨምርብኛል» የሚለው ሦስተኛው ነው። እውነት ነው፣ ይጨምራል፤ የቤቱ ዋጋ ጨምሯልና። ይሁን እንጂ ያልተፈቀደ ክፍል ተደብቆ የሚኖር አይምሰላችሁ። በቴክሳስ ሕግ መኖሪያ ቤቱን የሚሸጥ ሰው ለገዢው በሚሰጠው የማሳወቂያ ቅጽ ላይ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ያለ ፈቃድ ወይም ከደንቡ ውጭ የተቀጠለ ክፍል እንዳለ የሚያውቅ እንደሆነ ይጠየቃል፤ መሠረቱ ከዚህ በፊት ተጠግኖ እንደሆነም ይጠየቃል። እውነቱን ከጻፈ ዋጋው ይወርዳል፤ ከዋሸ ፍርድ ቤት ይጠብቀዋል። በየዓመቱ ጥቂት ግብር የሸሸ ሰው በመጨረሻ ከዋናው ይከፍላል።

«ኢንሹራንስ አለኝ» የሚለው የዋህ ደግሞ የውሉን ወረቀት ያንብብ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ የመሬት መንቀሳቀስን፣ የመሠረትንም መስመጥ፣ መሰንጠቅ፣ ማበጥና መኮማተር ከሚከፍላቸው ነገሮች ውጭ ያደርጋል። ኩባንያው ዋልካን ከእኛ በፊት አውቆታል ማለት ነው።

የመጨረሻው «አቅም የለኝም» ነው፤ ይህ ከሁሉም የሚከብድ ስለሆነ በንቀት የሚመለስ አይደለም። ብዙዎቻችን በሁለት ሥራ የምናድር ሰዎች ነን። ነገር ግን ሒሳቡን በቅንነት እንሥራው። ለማስፋፊያ 90,000 ዶላር ለማውጣት የተዘጋጀ ሰው ለአፈር ምርመራና ለመሐንዲስ የሚከፍለው ጥቂት ሺህ ዶላር ነው፤ አንዳንዴ ለወጥ ቤት ግራናይት ከሚከፍለው ያንሳል። ግራናይት ሲወደድ ይለወጣል፣ ይቀራል፣ ለከርሞ ይተላለፋል። መሠረት ግን ከተከደነ በኋላ የሚለወጥ አይደለም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ያስቸግራል። አቅም ከጠፋ የሚቀነሰው ከላይ ነው እንጂ ከሥር አይደለም። ጨርሶ አቅም ከሌለ ደግሞ ዘንድሮ አይሠራ! አለመሥራትም አንድ ውሳኔ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ምን ያደርጋል?

ለተቋራጭ ወንድሞቻችን አንድ ቃል አለኝ። ከእናንተ ውስጥ ሙያቸውን አክብረው የሚሠሩ አሉ፤ ከመሐንዲስ ውጭ አልሠራም ብለው ሥራ የሚያጡም አሉ። ይህ ጽሑፍ ለእነርሱ ጠበቃ ነው። በቴክሳስ ለቧንቧና ለኤሌክትሪክ ሥራ የክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለጠቅላላ የቤት ተቋራጭነት ግን እንዲህ ያለ የክፍለ ግዛት ፈቃድ የለም። የመኖሪያ ቤት ግንባታን የሚቆጣጠር ኮሚሽን በ2003 ተቋቁሞ ነበር፤ የሕግ አውጪው ምክር ቤት በ2009 ዕድሜውን ሳያድስለት ስለቀረ ተዘጋ። ስለዚህ «ተቋራጭ ነኝ» ለማለት የስም ካርድ ማሳተም ይበቃል። በዚህ ክፍተት ውስጥ ሕሊና ያለው ሰው ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሕሊና የሌለው ያንሳል፤ እኛም ያነሰውን እንመርጣለን። ከዚያም «ሐበሻ አይታመንም» እያልን እናማለን። ሐሜተኛው ራሱ ርካሹን የመረጠው ሰው ነው። ይህን ገበያ የፈጠርነው እኛ ደንበኞቹ ነን።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? መጀመሪያ የአፈር ምርመራ። አንድ ባለሙያ በማሽን ጓሮውን ሰርስሮ ናሙና ያወጣል፤ በላቦራቶሪም ይለካዋል። በውጤቱ ውስጥ ፕላስቲሲቲ ኢንዴክስ የሚባል ቁጥር አለ። አፈሩ ውሃ እየጠጣ ምን ያህል ጠባዩን እንደሚለውጥ ያመለክታል። በግንባታው ደንብ መሠረት ይህ ቁጥር 15 እና ከዚያ በላይ መሆኑ አፈሩ የሚያብጥ ከመሆኑ ምልክቶች አንዱ ነው። የጥቁሩ ሜዳ ሸክላ ብዙ ጊዜ ከ30 ይበልጣል።

ቀጥሎ የመሐንዲስ ንድፍ፣ ማኅተሙና ፊርማው ያለበት። የመሐንዲሱ ፈቃድ የጸና መሆኑን የቴክሳስ የመሐንዲሶች ቦርድ ዘንድ ማጣራት የማንም መብት ነው። መሐንዲሱ ሊያዝ የሚችለው ብዙ ነው። ዘወትር ከሚንቀሳቀሰው ሸክላ አልፈው ወደ ጥልቁ የሚወርዱ የኮንክሪት ምሰሶዎች ሊያዝ ይችላል። በምሰሶዎቹ ላይ የሚያርፈውን ቢም ሸክላው እንዳይነካው ከሥሩ ብዙ ጊዜ 6 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ይህን ክፍት የሚፈጥሩት እርጥበት ሲያገኛቸው የሚላሽቁ የካርቶን ሣጥኖች ናቸው። ወይም ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ወለል ይመርጣል። ወይም ሸክላውን በኖራ ያክመዋል። አንዳንዴም «ይህ ቦታ አይሆንም፣ ያ ዛፍ ቅርብ ነው» ይላል። ሐቁን ለመናገር መሐንዲስም ቢሆን ቤቱ ቅንጣት አይንቀሳቀስም ብሎ አይምልም፤ የሚምል ካለ ሽሹት። እሱ የሚያደርገው እንቅስቃሴውን ቤቱ ሊችለው ወደሚችለው መጠን ማውረድ ነው።

ከዚያ የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ። ኢንስፔክተሩ ፌሮውንና ጉድጓዱን ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ይምጣና ከንድፉ ጋር ያስተያየው። ከፈሰሰ በኋላ ከውስጥ ያለውን የሚያውቀው ፈጣሪና ሠራተኛው ብቻ ነው። በመጨረሻም በጽሑፍ የሰፈረ ውል። ሥራው በንድፉ መሠረት እንደሚሠራ፣ ክፍያው በየደረጃው እንደሚፈጸም፣ ኢንስፔክተሩ ሳያሳልፍ ኮንክሪት እንደማይፈስ ይጻፍበት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያልን ወረቀትን ስናሾፍበት ኖረናል። በዚህ ጉዳይ ሞኙ ወረቀት ያልያዘው ነው።

ቤቱ ካለቀ በኋላም ሥራ አለ። አሸንዳው ውሃውን ከመሠረቱ አርቆ ይጣል። በድርቅ ጊዜ በቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር በልክና በእኩል ይጠጣ፤ አንዱ ጎን እየረጠበ ሌላው አይሰንጠቅ። ትልቅ የሚሆን ዛፍ ከግድግዳው ሥር አይተከል። ዋልካ የሚጠላው መርጠቡን ወይም መድረቁን ብቻ ሳይሆን መለዋወጡን ነው።

ዕድሮቻችን፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ መስጊዶቹና የኮሙኒቲ ማኅበሮቻችንም ከዚህ ነገር ራሳቸውን አያውጡ። ዕድር ለቀብር ብቻ የሚሰበሰብበት ምክንያት የለም። በመካከላችን ሲቪል መሐንዲሶች፣ የአፈር ባለሙያዎች፣ ጠበቆች አሉ። አንድ እሑድ ከስብሰባው በኋላ ግማሽ ሰዓት ሰጥቶ አንዱን ማናገር ምን ይከብዳል? ማኅበሩ ራሱ «ክፍል የሚቀጥል አባል እነዚህን አራት ነገሮች ይጠይቅ» ብሎ ቢያስታውቅ እኮ ይሉኝታው ይሰበራል። ያኔ የሚጠይቀው ግለሰቡ ሳይሆን የጋራ ልማዳችን ይሆናል፤ ማንም ተጠረጠርኩ ብሎ አይቀየምም። መተሳሰብ ማለት ይህ ነው። ቤቱ ከተሰነጠቀ በኋላ አብሮ ማዘኑንማ ማን አጥቶት።

እነሆ ቤት ለብዙዎቻችን በዚህ አገር ያለን ብቸኛ ሀብት ነው። የጡረታችን ተስፋ፣ የልጆቻችን የትምህርት መያዣ፣ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነው። ይህን ሀብት ባልተመረመረ አፈር ላይ ባልተነደፈ ኮንክሪት የምናስቀምጠው ሰው እንዳይቀየመን ብለን ከሆነ፣ የይሉኝታን ዋጋ ከሚገባው በላይ ከፍለናል። አፈሩ አማርኛ አይሰማም፤ የማንን ልጅ እንደሆነ አይጠይቅም፤ አብሮ አደግነትን አይቆጥርም። የሚያውቀው ውሃን ብቻ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ወዳጃችሁ «ክፍል ልቀጥል ነው» ብሎ የምሥራች ሲነግራችሁ፣ «እንኳን ደስ ያለህ» ከማለታችሁ በፊት «አፈሩ ተመርምሯል ወይ?» በሉት። ቢቀየማችሁ ይቀየም፤ ቅያሜ በዕርቅ ያልፋል። የተሰነጠቀ መሠረት ግን ሽማግሌ ቢላክበትም አይታረቅም።